ጎልቦ ላይ ለተቆለፈው በር የሸጥኩት ሪባን

ለክቡር አቶ ጋልማ
የጎልቦ ትምህርት ቤት አሠሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ክቡርነትዎ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም ግመሎችዎም በያላችሁበት ደህና እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ። የክፍሉ ቁልፍ ደህና መሆኑን ግን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ቅዳሜ በሱቄ ደጃፍ ሲያልፉ ወገብዎ ላይ ሲንቃጨል ሰምቻለሁ።

የባሕር ማዶ ተማሪዎች ለገጠር ልጆች ብለው ኬክ ሸጠው፣ የሰው መኪና አጥበው፣ ምሳቸውን ትተው ባዋጡት ገንዘብ ጎልቦ ላይ ያማረ ክፍል መሠራቱን ሁሉም ያውቃል። እነሱ መጥተው ሪባን እስኪቆርጡ ድረስ መከፈት የለበትም ስላሉ፣ ይኸው ሁለት ዓመት ተቆልፎ ይጠበቃል። መንግሥታቸው ደግሞ ወደ ድንበር እንዳይመጡ ከልክሏቸዋል። ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ፤ የሚታገሡት ልጆቹ ቢሆኑም።

ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ፦

፩. ልጆቹ ከተቆለፈው ክፍል አጠገብ ግራር ሥር ይማራሉ። ነፋስ አቧራ ሲያስነሳ መምህሩ ወደ ቤት ይሰዳቸዋል። ውስጥ ያሉት ወንበሮች ግን ላስቲካቸው እንኳ አልተገፈፈም። ወንበሮቹን ወክዬ አመሰግናለሁ።

፪. የመጀመሪያውን ሪባን ፀሐይ አነጣው፤ ሁለተኛውን የግመል አርቢው የዲባ ፍየል በላችው። ክቡርነትዎም ዲባ ስለ ፍየሉ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይቅርታ እንዲጠይቅ አደረጉ። እስከዛሬ ከዚያ ሕንፃ የተጠቀመች ፍየሏ ብቻ መሆኗን ያስተዋለ ሽማግሌ አልነበረም።

፫. ይኸው ዲባ፣ ዝናቡ እስኪገባ በሩ ካልተከፈተ ልጁን ካልቶማን ከግመሎቹ ጋር ለግጦሽ ወደ ኡራን እንደሚሰዳት ነግሮኛል። «ዛፍ ሥር ለመቀመጥማ ኡራንም ዛፍ አለ» አለኝ። ለክቡርነትዎ ባደርሰው፣ «ማማ ዘርፌ፣ ሰጪው ሳይኖር ስጦታ ይፈታል እንዴ?» አሉኝ። ካልቶማ ግን ከሄደች አትመለስም።

፬. ይህኛው በራሴ ላይ ነው። ነፋስ የወሰደውን ሦስተኛውን ጨምሮ፣ ሪባኖቹን ሁሉ የሸጥኩልዎ እኔ ነኝ፤ ሸጬም ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለእኔ አዲስ አይደለም። ሟቹ ባለቤቴ ልጃችንን ከትምህርት አስቀርቶ ሱቅ ሲያስቀምጣት፣ እኔ ዝም ብዬ ሚዛን አስተማርኳት። ፊደል የለየሁት እሷ አግብታ ከሄደች በኋላ፣ ስኳር ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ለእሷ አልደረሰላትም።

እነዚያ ተማሪዎች ምሳቸውን የተዉት ለመቀስ አይመስለኝም። ስለዚህ ዝናቡ ሳይገባ ቁልፉን ለመምህሩ እንዲያስረክቡልኝ እለምናለሁ። ወገብዎም ያርፋል።

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ፣ የመጣው ገበያተኛ ሁሉ እንዲያነብልዎ ሱቄ በር ላይ የለጠፍኩት፣ በክቡርነትዎ ክብር ፊት ዝቅ ብዬ የምቀመጥ ታማኝ ሪባን ሻጭዎ፣

ዘርፌ
ሄሉ፣ ሞያሌ፣ መጋቢት 2007 ዓ.ም.

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ አራተኛ ሪባን እንዲገዛ ክቡርነትዎ ዛሬ ጠዋት የላኩት ሰው ባዶ እጁን የተመለሰው ዋጋ ጨምሬበት አይደለም። የቀረውን ጥቅል ለካልቶማና ለጓደኞቿ ቆራርጬ ሰጥቻለሁ፤ ነፋስ ገጹን እንዳይገነጥልባቸው ደብተራቸውን አስረውበታል። እንግዶቹ መጥተው የሚቆረጥ ሪባን ካጡ፣ ያለበትን ያሳዩልኝ፤ ግራሩ ሥር ነው።