የለተ ማርያም ፍጥነት

ጥር 14፣ ረቡዕ
ዛሬ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ጤና ነኝ። የልጄ ልጅ ፋሲካ ለጥምቀት ከባሕር ዳር እንደ መጣች ናት። ሥራዋ ዲጄነት ነው፤ ቴክኖ የሚሉትን፣ ግጥም የሌለውንና ከበሮው የማያባራውን ሙዚቃ ለጨፋሪ ታሰማለች። ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ ከፈተችው። ጎረቤቴ ሰውአገኝ ከአጥሩ ማዶ ተጣራ።
«ምነው አያ ህሩይ፣ ወፍጮ ተከሉ እንዴ? ገብሴን ላምጣ?»
«ይምጡ፣ በነፃ እንፈጫለን!» አለችው። እኔም ሳልወድ ሣቅሁ።

ጥር 15
የሟች ባለቤቴን የለተ ማርያምን ካሴት ጠየቀችኝ። ለመጽሐፌ የሠርግ ግጥሞችን ስሰበስብ በዚሁ ሳሎን የቀዳሁት ነው፤ እያጨበጨበች ትዘፍናለች። ከድምፅዋ የቀረኝ ይኸው ብቻ። ፋሲካ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ልታሰማው ትሻለች። «አያቴ ታስጨፍራቸው፣ አባባ!» በመጽሐፌ መቅድም «በደስታ እየናረ የሚሄድ ድምፅ» ብዬ የጻፍሁለት ነውና... ለጭፈራ አያንስም። ቅጂ እንድትወስድ ፈቀድሁ፤ ካሴቱ ግን ከቤት አይወጣም።

ጥር 16
ሙያዋን አስረዳችኝ። አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ሌላው ይገባበታል። ሁለቱ በፍጥነት ካልተካከሉ ከበሮዎቹ ይጋጫሉ፤ በቅኝት ካልተስማሙ ድምፆቹ ይጣላሉ። የለተ ማርያም ፍጥነት ለቴክኖ የተሰፋ ይመስላል አለች። ቅኝቷ ግን... ከጀመረችበት ከፍ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ከምንም ጋር አይገጥምም።
«ለተ ማርያም ቅኝት ስታ አታውቅም!» ተቆጣሁ።
«ኧረ አባባ፣ እሷን ማን ነካብዎ? ካሴቱን ነው የጠረጠርሁት።»
ከዘፈኑ ጀርባ የግድግዳ ሰዓት ይሰማል። ሰዓቱ ዛሬም እዚያው ተሰቅሎ ይመታል። ሁለቱን አስተያየን። የካሴቱ ይቸኩላል፤ እየቆየም ይብስበታል።
«ያን ቀን መብራት ነበር?»
አልነበረም። በባትሪ ነው የቀዳሁት። ባትሪው ሲደክም ቴፑ ካሴቱን በዝግታ እያዞረ ይቀዳል፤ በኋላ በደኅና ኃይል ሲከፈት ድምፁ ይፈጥናል፣ ይቀጥናልም። እንዲህ ነው ያስረዳችኝ።
የካሴቱ ሰዓት ከግድግዳው ጋር እኩል እስኪመታ ድረስ ዘፈኑን አዘገየችው። ቅኝቱ ቀጥ አለ። ድምፁም ወፈረ፣ ተረጋጋ...
ታዲያ ያ በደስታ የሚንረው? የባትሪ መድከም ኖሯል።
«ደስታዋን ወሰድሽብኝ» አልኋት።

ጥር 17
የባሕር ዳር መንገድ ዛሬ ክፍት ነው ተባለ፤ ፋሲካ ሄደች። ፈጣኑንም እውነተኛውንም በስልኬ ትታልኛለች።
«የቱን ላሰማ? እርስዎ ያሉትን ነው የማደርገው። ፈጣኑን ቅኝቱን ብቻ ባርመው ያስጨፍራል። እውነተኛው ግን ለእኔ ከበሮ እጅግ ዝግ ያለ ነው።»
«አስቤ እደውልልሻለሁ» አልኋት።

ጥር 18
ፈጣኑን ብቻ ሰማሁ። የለመድሁት እሱን ነው።

ጥር 20
ዛሬ እውነተኛውን ከፈትሁ። «ህሩይ፣ ምሳ ቀርቧል» ይለኝ የነበረው ድምፅ ይኸው ነው። እንዴት ረሳሁት? ካሴቱን ስሰማ ኖሬ እሷን ረሳሁ?
በዘፈኑ ማለቂያ፣ ባትሪው ሊሞት ሲል፣ በካሴቱ ላይ እንደ ወፍ ጫጫታ ያለ ነገር ይሰማል። እስከ ዛሬ የቴፕ ብልሽት ነው እል ነበር። አሁን ሲዘገይ ንግግር ሆኖ አገኘሁት።
«አንተ ሰው፣ ጽሕፈቱን ተወውና አጨብጭብ እንጂ!»
እየሣቀች ነው የምትለኝ።
መቅድሙን አውጥቼ «እየናረ የሚሄድ» የሚለውን በእርሳስ ሰረዝሁ። «በደስታ» የሚለውን አልነካሁትም።

ጥር 21
ጧት ለፋሲካ ደውዬ የሰማሁትን ነገርኋት።
«እውነተኛውን አሰሚ» አልሁ። «ከበሮሽን ግን ምን ታደርጊዋለሽ?»
«ወደ እሷ አወርደዋለሁ። ከእሷ በፊት የማጫውታቸውን ቀስ በቀስ እያዘገየሁ... ስትገባ እኩል እንገናኛለን።»
«ጨፋሪው ቆሞ ቢቀርስ?»
«ያጨበጭባላ!»
ከዋናው ካሴት በጥሩ ማጫወቻ ቢገለበጥ ድምፁ ይበልጥ ይጠራል አለችኝ። ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና እንዳለ ጠየቅሁ፤ አለ። ካሴቱን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በፖስታ አሽጌ፣ ለሹፌሩ በእጁ ሰጠሁት። ተልኳል።