የጾም እራት በሴኡል

እሑድ፣ ኦሮራ

ቲኬቱን ለሳሮን አሳየኋት። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪና ውስጥ ነበርን። ልጄ መጀመሪያ ሳቀች። የእውነቴን እንደሆነ ሲገባት ዳር ይዛ ፓርክ አደረገች።

"ማሚ፣ ሴኡል ማን አለሽ?"

ማንም። ለዚህ እኮ ነው። ዲሲ ብሄድ ያክስቴ ልጆች አሉ። ዱባይ ብሄድ የጎረቤት ልጅ ኤርፖርት ትጠብቀኛለች። ቶሮንቶም እንደዚያው። የኮሪያ ምግብ እንደሆነ እዚሁ ሰፈራችን ካሉት ምግብ ቤቶች ለምጄዋለሁ፣ ጥብሳቸውማ ነፍሴ ነው። ስለዚህ ሴኡል፣ አንድ ሳምንት።

ያልነገርኳት ነገር አለ። አባቷ ካረፈ ወዲህ ከከተማው ወዲያ ሊትልተን ያለውን የራሷን ቤት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱን፣ አሳድሳ "እኛ ጋ ግቢ" እያለችኝ ነው። በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ከእናቴ ቤት በቀጥታ ባሌ ቤት የገባሁ ሰው ነኝ። ብቻዬን መኖር እችል እንደሆነ ራሴም አላውቅም። ሰው በማላውቅበት አገር፣ በደረስኩባት ማታ ወጥቼ እራቴን በልቼ በሰላም ከገባሁ አፓርትመንቴን አለቅም። ክፍል ውስጥ ተሸጉጬ ካደርኩ ግን ዕቃዬን ጠቅልዬ ሊትልተን እገባለሁ። ከራሴ ጋር የተዋዋልኩት ይህንን ነው።

ሰኞ

ዳውንታውን ሆቴል ውስጥ ክፍል ሳጸዳ ስንት ዘመኔ፤ እንግዳ ሆኜ ሆቴል አድሬ ግን አላውቅም። ዛሬ ሥራ ቦታ ሁሉም መካሪ ሆነብኝ። አንዷ ውሃው ይለወጥብሻል አለችኝ፣ ሌላዋ ፓስፖርትሽን ጡት መያዣሽ ውስጥ አድርጊው አለች።

ሻንጣ፦ ሹራብ፣ የደም ግፊት ኪኒን፣ ሰፊ ጫማ። ሳሮን አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ጨመረችበት። መውጣት ከፈራሽ ክፍልሽ ትበያለሽ አለች። ደግ ልጅ ናት፣ አናደደችኝ።

ሐሳቤ እንዲህ ነው፦ ነገ ጠዋት ተነስቼ ማታ እደርሳለሁ። ማክሰኞ ነው፣ ጾም የለም። ጥብስ እበላለሁ።

ማክሰኞ፣ አውሮፕላን ውስጥ

በአዲሱ ባቡር ብቻዬን ኤርፖርት ደረስኩ። ሳሮን ላድርስሽ ብላ ነበር፣ እምቢ አልኳት። ሁለተኛውን አውሮፕላን ከያዝኩ ቆየሁ። ዶሮ ሰጡን፣ በላሁ። ደግመው ሰጡን፣ አሁንም በላሁ። ፀሐይዋ አልጠልቅም ብላለች። ቀኑ ግራ ገባኝ።

ረቡዕ፣ ሴኡል

ወይ ጉድ! ረቡዕ ነው። ስልኬም ረቡዕ ይላል፣ ሆቴሉ የተቀበለችኝ ልጅም ረቡዕ አለችኝ። ማክሰኞ ማታ የሚባል ነገር ሳላይ አለፈ። ያ ሁለተኛው ዶሮ በየትኛው ቀን ይቆጠር ይሆን? ስመለስ የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው ይስቁብኛል።

ክፍሉ ንጹሕ ነው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ተነሳሁና አንሶላውን መልሼ ወጠርኩት። ከዚያ እንደገና ተቀመጥኩ። ፈራሁ። ምክንያትም አገኘሁ፦ ጥብሱ ቀርቷል፣ የጾም ምግብ በየት ቋንቋ ልጠይቅ? ዳቦ ቆሎውን ከፍቼ አንድ እፍኝ ቆረጠምኩ። ያኔ ያ ቤዝመንት ዓይኔ ላይ መጣብኝ፣ ያቺ ትንሽ መስኮቱ። ጫማዬን አደረግኩ።

መንገዱ በሙሉ የጥብስ ሽታ ነው። አትክልትና ቶፉ በድስት የሚያሳይ ፎቶ ያለበት ቤት ገባሁ። ሴትየዋ ከኋላዬ ሰው ፈለገች፣ የለም። ሁለት ጣት አሳየችኝና ወደ ድስቱ ጠቆመች። ለሁለት ሰው ነው ማለቷ ነው። ለካ እዚህም ብቻን መብላት ነውር ነው! ወጣሁ። ወደ ሆቴሉ ዞሬም ነበር።

ግን ራበኝ። ጥጉ ላይ ጠባብ ቤት አለች፣ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ተቀምጠው ይበላሉ። ባለቤቷ በዕድሜ እኔን ትሆናለች። ሁለት ጣቴን ግንባሬ ላይ ቀንድ አድርጌ ራሴን ነቀነቅኩላት። ቀጥዬ ክንፍ ሠራሁ፣ እንደገና ራሴን ነቀነቅኩ። ተመጋቢዎቹ ቀና ብለው አዩኝ፣ ላብ አጠመቀኝ። ሴትየዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ሩዝ በጎመንና በእንጉዳይ አመጣችልኝ። እንቁላል ልታደርግበት ስትል ሳህኑን በመዳፌ ከደንኩት። ቆም አለችና እንቁላሉን መለሰችው፣ ቀስ ብላም አንገቷን ዝቅ አደረገችልኝ። መነኩሴ መስዬያት ይሆናል።

በላሁ። ማንም ዞሮ አላየኝም፣ ማንም ብዪ አላለኝም። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ቀስ ብዬ ጨረስኩና ተሳስቼ አንድ መንገድ ዞሬ፣ ጠይቄ፣ ሆቴሌ ገባሁ።

አሁን ለሳሮን በቫይበር ደወልኩላት። እዚያ ገና እየነጋ ነው፣ ድምጿ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። እራት በላሽ ወይ አለችኝ። በላሁ አልኳት።

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን። ሳሮንዬ፣ እኔ እኮ ቤቴ ነው የምቀመጠው።"

ከአልጋዋ ስትነሳ ተሰማኝ።

"ታዲያ ቤዝመንቱን ላከራየው?"

"አከራዪው" አልኳት።

እሺ አለች። የተቀየመችኝ ይመስለኛል፣ ነገ ደግሜ እደውላለሁ። ስልኩን ስዘጋ እንባዬ መጣ። መብራቱን ሳላጠፋ አልተኛም፣ እሱን ላጥፋ።