ፒያኖውን እንዳትቆርጪው

ሎሬታ፣

በጓሮ በር ግቢ። የፊቱን በር ፒያኖ ዘግቶታል።

አውቃለሁ፣ «ከበር የሚሰፋ ዕቃ እንዳታመጪ» ብለሽኛል። ግን ጠዋት የሟች እህታቸውን ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ «ማንም አልፈለገውም፣ በነጻ ውሰጂው» አሉኝ። ቆርጠን የጽሕፈት ጠረጴዛ ብናደርገው ጥሩ ይሸጣል ብዬ አመጣሁት። ተሸካሚዎቹ በበሩ አልገባ ሲላቸው በረንዳው ላይ ትተውት ሄዱ።

ወዲያው ጎረቤታችን ሚስስ ዱዴክ ብቅ አሉ። አንቺ የአጥሩን አበባ ከቆረጥሽባቸው ወዲህ እኔንም አብረው ዘግተውኛልና፣ ሊቆጡ የመጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው እቴ፣ እንደቆሙ በፒያኖው ፖልካ የሚባለውን የጭፈራ ዜማ መጫወት ጀመሩ። ፖስታ አዳዩ ሳይቀር ቆሞ አጨበጨበላቸው።

«ምን ልታደርጉት ነው?» አሉኝ።

«ጠረጴዛ።»

«እሱን ከምትቆርጡት እኔን ቁረጡኝ።»

የራሳቸውን ፒያኖ የሸጡት ባላቸው ሲታመሙ ነው አሉ። እኔም አልቻልኩም፣ ሰጠኋቸው። የእሳቸው በር ሰፊ ነው፤ ነገ ልጆቻቸው መጥተው ይወስዱታል።

አሁን የፒያኖውን ወንበር ላመጣ ሄጃለሁ፤ ሽማግሌው ሳይሰጡኝ ረስተውት ነው። መጋዙን ደብቄዋለሁና አትድከሚ።

ሚስስ ዱዴክ ከሰዓት ተመልሰው ሊጫወቱ ይመጣሉ። ስለ አበባው ባንቺ ስም ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ እሱ የራስሽ ጉዳይ ነው። እኔ የነገርኳቸው የፖም ኬክ እንደምትጋግሪላቸው ብቻ ነው።

ፖሙን ልጬልሻለሁ።

ጆስሊን