ሳይነኩት የሚነሳው ቶርኖ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

የጥላሁን የብረት መቅረጫ ቶርኖ ሳይነኩት የሚነሳው ሰይጣን አድሮበት አይደለም። የሞተሩ ወፍራም ሽቦና የመቆጣጠሪያው ቀጭን ሽቦ አንድ ላይ ታስረዋል። አጠገቡ ያለው የብረት መጋዝ ሲጠፋ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ረብሻ በወፍራሙ በኩል ወደ ቀጭኑ ያልፋል፤ ሞተሩን የሚያበራው ሪሌም የታዘዘ መስሎት ቶርኖውን ያስነሳል።

ዛሬ ቡሬ ሄጄ አየሁት። የቀድሞ ተማሪዬ ጥላሁን ሽቦውን ሁሉ እንደ ሹሩባ ጎንጉኖታል። ልፈታው ስጀምር፣ «ጋሼ፣ ስንት የደከምኩበትን ውበት» አለኝ።

«ውበቱ ባለፈው የሙላትን እጅጌ ጎትቷል፤ ነገ እጁን ይጎትታል» አልኩት።

በቶርኖው የሚሠራው ሙላት፣ «እኔስ ጠበል አስረጭቼበት ነበር፤ ለሁለት ቀን ተወኝ» አለ። አልሳቀም።

ሽቦዎቹን ለያይቼ በየራሳቸው መንገድ ወሰድኳቸው። መጋዙን ደጋግመን አጠፋን፤ ቶርኖው አልተነሳም። ረብሻውን ከምንጩ የሚያፍነው ዕቃ ግን ቡሬ ውስጥ አልተገኘም። ያ ሳይገባ አላምነውም። ሙላትን፣ «እስከዚያው ቶርኖው ላይ ብረት ስታስር ዋናውን ማብሪያ አጥፋ» አልኩት። ጥላሁን፣ «ሥራ ይጓተታል» ብሎ አጉረመረመ።

አውቶቡሱ ወገቤን አንገላታው። የከበደኝ ግን እሱ ሳይሆን የሙላት እጅ ነገር ነው። ምነው ጥላሁን፣ ማብሪያውን እያጠፋችሁ መሆኑን ቶሎ ደውለህ በነገርከኝ።