ሩቁን የጠራን ሰሞን

ጥቅምት 9፣ ረቡዕ፣ 1970

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ተመለስሁ፣ እግሬን ታጠብሁ፣ ሽሮ በላን። አባባ ጨው በዛው አሉ። አልበዛም።

ደግሞ ሥራ መጣብኝ። የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ አምባቸው አስጠርቶኝ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሰጠኝ። ፔዳ መምህራን ኮሌጅ ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ጥሎት የሄደ ነው። ከቴሌቪዥን ፊልም የተጻፈ ልብ ወለድ... ጠፈር ላይ የምትጓዝ መርከብ አለች። ውስጧ «ሩቁ» የሚሉትን የሚያመልኩ አክራሪዎች አሉ፤ አላመልክም ያለውን በሩን ከፍተው ወደ ባዶው ይጥሉታል። አንዲት ሐኪም ብቻ እምቢ ትላለች።

«ሃይማኖት ሰውን እንዴት እንደሚያሳብድ ሕዝቡ ይስማ። ተርጉሚው፤ እሑድ እሑድ በድምፅ ማጉያ ታነቢዋለሽ» አለኝ።

የመሪጌታ ልጅ መሆኔን እያወቀ! ወይስ ስለሚያውቅ ነው?

ጥቅምት 14፣ ሰኞ

የአክራሪዎቹ ጸሎት አላምር አለኝ። ጮክ ብዬ ስሞክረው አባባ ከመደቡ ሰሙኝ።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የውሸት ጸሎት ነው አባባ። የልብ ወለድ።»

«ቢሆንስ! እንዲህ አንካሳ ይሆናል? ‹አንተ በሩቅ ያለኸው እባክህን ስማን›... ትንፋሽ አይበቃውም። መሪው ‹ሩቁ ሆይ› ይበል፤ ሕዝቡ ‹ስምዐነ› ብሎ ይቀበል። ስማን ነው፤ በግእዝ ሲሆን ያምራል።»

ዕድሜ ልካቸውን ተማሪ ሲያርሙ ኖረው፣ የተበላሸ ነገር ሰምተው ማለፍ አይሆንላቸውም። ሳቅን። ሲያዜሙት ግን የክንዴ ጠጉር ቆመ።

ኅዳር 4፣ እሑድ

ስብሰባው ሆን ተብሎ በቅዳሴ ሰዓት ነው። አነበብሁ። «ሩቁ ሆይ፣ ስምዐነ» የሚለው ላይ ደርሼ እንደ አባባ ሳዜመው አዛውንቶቹ ብድግ አሉ። ከልማድ ነው፤ ቅዳሴ የለመደ እግር እንዲያ ያለ ዜማ ሰምቶ አይቀመጥም። አዳራሹ በሙሉ «ስምዐነ» አለ። ነጋዴዋ ጀሊላ ሳትቀር! ኋላ ብጠይቃት «እኔ እንጃ፣ አፌ ነው ያለው» አለችኝ።

አምባቸው ደሙ ፈላ። አለቀልኝ አልሁ። ቀስ እያለ ግን ዓይኑ ሌላ ሆነ።

«መፈክር ስናሰማ እንዲህ ባንድ ድምፅ መልሰው ያውቃሉ?» አለኝ።

ኅዳር 11፣ እሑድ

መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ድምፅ ማጉያው ቀጥ አለ፤ እኔም ዝም አልሁ። እነሱ ግን ልኩን ጠብቀው «ስምዐነ» አሉ። ደግሞ ጠብቀው «ስምዐነ»። ማን እየጠራቸው?

ኅዳር 15፣ ሐሙስ

ጠዋት ጣና ላይ ጉም ነበር። ከጉሙ ውስጥ «ስምዐነ» ሲሉ ሰማሁ። የታንኳ ቀዛፊዎች ናቸው ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ጉሙ ሲገለጥ ታንኳ የለም።

ኅዳር 18፣ እሑድ

አምባቸው አሁን ስብሰባውን በዚሁ ጸሎት ነው የሚዘጋው። ሁሉም ቆሞ ሲመልስ አባባ ብቻ ተቀምጠው ቀሩ። ሰው ዞሮ ዞሮ አያቸው።

ቤት ስንገባ ለመንኋቸው። «አባባ፣ ከንፈርዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ።»

«እግዜር እያየኝ?» አሉ፤ ዳዊታቸውን ገለጡ።

እንደዛሬ ፈርቼ አላውቅም።

ኅዳር 25፣ እሑድ

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው...

«መሪጌታ፣ እርስዎ ለምን አይመልሱም?» ያለው አምባቸው አይደለም። ጎረቤታችን አንዳርጋቸው ነው፤ ልጅ ሳለ ዳዊት ያስደገሙት።

አባባ ቆሙ። «ልጆቼ፣ ይኸን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቤቴ መደብ ላይ ተቀምጬ። ከዚያ ማዶ የሚሰማችሁ ማንም የለም» አሉ።

አንዳርጋቸውና አጠገቡ የነበሩት ከበቧቸው። ከዚያ ያዟቸው። አልጮኹ፣ አልተሳደቡ... ብብታቸውን ደግፈው ቀስ አድርገው ወደ ሐይቁ ወሰዷቸው። መጽሐፉ ላይ ሐኪሟን ወደ በሩ እንደወሰዷት። አምባቸው «ተዉ! ጓዶች፣ ተዉ!» አለ። ሽጉጡንም መዘዘ። ዞሮ ያየው የለም።

ውኃው ጉልበታቸው ላይ ሲደርስ ወደ አዳራሹ ተመልሼ ሮጥሁና በድምፅ ማጉያው «ሩቁ ሆይ!» አልሁ። ቆሙ። ለቀቋቸውና ወደ እኔ ዞረው መለሱ። ደግሜ ጠራሁ። ቀዛፊው ሙሀመድሰዒድ ታንኳውን ከደንገሉ መሐል አውጥቶ አባባን አሳፈራቸው። ከዓይኔ እስኪጠፉ ጠራሁ። ጉሮሮዬ ደም ደም አለኝ።

ታኅሣሥ 5፣ ረቡዕ

አባባ ደሴቱ ገዳም ደኅና ናቸው አሉ። እኔ በየቀኑ እጠራለሁ። ብቀር «አባትሽ የት ገቡ?» ማለታቸው አይቀርም። ሲመልሱ የዋሉ ሰዎች ምንም አይጠይቁም። አምባቸው ራሱ ከፊት ቆሞ ይመልሳል። መጽሐፉን መጨረሻ ድረስ አላነበብሁላቸውም፤ የጠየቀኝም የለም።

ታኅሣሥ 7፣ ዓርብ

ሙሀመድሰዒድ መልእክት ይዞ መጣ።

«እሑድ መጥተህ ውሰደኝ ብለዋል፣ እትዬ። ‹የሠራሁትን እኔው አፈርሰዋለሁ፤ ልጄ ለእኔ ስትል ጣዖት አትጠራም› አሉ።»

«አትሂድ! እምቢ በላቸው!»

«መሪጌታን እምቢ የሚላቸው ማን ነው? እኔ ባልሄድ ሌላ ታንኳ ይፈልጋሉ።»

ይገድሏቸዋል። አሁንስ ውኃው ጉልበት ላይ አይቆምም።

ታኅሣሥ 9፣ እሑድ

ጎሕ ሲቀድ ብቻዬን ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ማንም አልነበረም። ውኃው ጠፍጣፋ፣ ቅጠል አይነቃነቅ። ጸሎተ ሃይማኖት ልደግም ጀመርሁ፤ መሐሉ ላይ ጠፋኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው!

«ሩቁ ሆይ፣ አባባን አታምጣቸው» አልሁ። አልጮህሁም። ማን እንደሠራው እያወቅሁ፣ ከልቤ ለመንሁት።

ስብሰባው ሳይጀመር ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉ መንገዱ ላይ ይወጣ ጀመር። ሙሀመድሰዒድ እስከ ወገቡ ረጥቦ መጣ።

«በታኅሣሥ እንዲህ ያለ ነፋስ አይቼ አላውቅም። ዛሬ ከየትም ታንኳ አይወጣም፣ እትዬ።»

ደስ አለኝ። ተመስገን ልል አፌን ከፈትሁ... ማንን ነው የማመሰግነው?