ቀድሞን የተስማማው ወረቀት

የካቲት 9 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ጂንካ

ዛሬ ካኮ ቀበሌ ለስብሰባ ሄደን ነበር። እኔ እንደ ሁልጊዜው አስተርጓሚ ነኝ። ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት የመጣው ካድሬ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ "ፓርቲያችን ሕዝብ ያልመከረበትን ነገር አይወስንም" አለ። በእኛው በበና ቋንቋ ስነግራቸው የቀበሌው ሽማግሌዎች ደስ አላቸው።

ጉዳዩ የግጦሹ መሬት ለባለሀብት ይሰጥ የሚል ነው። ቃለ ጉባኤው ግን ትናንት እዚሁ ጂንካ ተጽፎ አልቋል፤ እኔው ነኝ በቦርሳዬ ይዤው የሄድኩት። ካድሬው ጠጋ ብሎ፣ "አታንብበው፤ በጣታቸው ብቻ አስፈርም" አለኝ።

አባቴ የከብት እረኝነት ያስተማረኝ እዚያው መሬት ላይ ነው። ወረቀቱን አወጣሁና ከላይ እስከ ታች በቋንቋችን አነበብኩላቸው። "በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል" የሚለውንም አልዘለልኩም።

በእኛ ደንብ ሸንጎ ላይ የሚናገር ሰው ጦር ይዞ ነው የሚነሳው። ዱካ የሚባሉት ሽማግሌ ጦራቸውን ይዘው ተነሡ። ወዲያ ወዲህ እየተመላለሱ፣ "እኛ ገና አፋችንን አልከፈትንም። ወረቀቱ ቀድሞን ተስማማ እንዴ?" አሉ።

"ምን አሉ?" አለኝ ካድሬው። ቃል በቃል ነገርኩት።

አንድም ሰው ሳይፈርም ስብሰባው ተበተነ።  ስንመለስ መኪና ውስጥ ከካድሬው አጠገብ አንገቴን አልደፋሁም።

ነገ ለግምገማ ተጠርቻለሁ። ጥፋቴን በራሴ አንደበት እንድናገር ይጠብቃሉ። ከካኮ እስከ ጂንካ ስፈልገው መጣሁ፤ እስካሁን አላገኘሁትም።