የሐሙስ መንገድ ሙሽራ፦ የወይዘሮ አትራክታ ፊሂሊ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አትራክታ ፊሂሊ ከአባታቸው ከአቶ በርናርድ ፊሂሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፊሎሚና ደርካን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1952 በአየርላንድ፣ በስላይጎ አውራጃ፣ ክሎንጋራ በምትባለው መንደራችን ተወለዱ። ወላጆቻችን ከስድስት ዓመት በኋላ እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ኮናልን ወለዱ። እሳቸው ግን ሰው በጠየቃቸው ቁጥር “ወላጆቻችን የወለዱት አንድ ልጅና አንድ መዘዝ ነው” ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን በመንደሩ ጀምረው በስላይጎ ከተማ በመነኮሳይያት ትምህርት ቤት አጠናቀቁ። መነኮሳይያቱ ስፌት ሊያስተምሯቸው ብዙ ደክመዋል። እህቴ ግን ገና በልጅነታቸው የአባታችንን ትራክተር መንዳት ለምደው ስለነበር ልባቸው ከመሪው ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1976 የዳቦ መኪና ሹፌር የነበሩትን አቶ ማላኪ ታንሲን አግብተው አንዲት ልጃቸውን ኢመርን አፈሩ። በ1979 የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ሆነው ተቀጠሩ፤ በዚህ ሥራም ሠላሳ አምስት ዓመት አገለገሉ። ዛሬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ “ቁጭ በል” የተባላችሁ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁም ከነልጆቻችሁ ተብላችኋል።

በዚያ መንገድ ላይ የነበረባቸው ችግር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጎረቤታችን አቶ ፊሊም ስካንለን። ወንደላጤው አቶ ፊሊም ላሞቻቸውን ወደ ግጦሽ የሚያሻግሩት ሁልጊዜ አውቶቡሱ በሚደርስበት ሰዓት ነበር። አንድ ጠዋት እህቴ የአውቶቡሱን ጥሩምባ ያለማቋረጥ ነፉባቸው።

“ላሞቼ መንጃ ፈቃድ የላቸውም” አሉ አቶ ፊሊም በትራቸውን ተደግፈው። “ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት።”

“ከባለቤታቸው ተምረው ነዋ” አሉ እህቴ በመስኮት።

ልጆቹ ሳቁ። አቶ ፊሊም ተቀየሙ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በቅዳሴ ላይ እንኳ ቢገናኙ ሰላም አይባባሉም ነበር። አቶ ማላኪ በ2009 በድንገት ባረፉ ጊዜ ግን አቶ ፊሊም ቀብሩ ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው ከሰው ሁሉ ኋላ እስከ መጨረሻው ቆሙ።

እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደይ ወራት እህቴ በቀኝ ዓይናቸው ጥግ ብልጭታ፣ ቀጥሎም እንደ መጋረጃ የወረደ ጥላ ማየት ጀመሩ። መነጽር ሊያስቀይሩ ሄደው ሳለ፣ መነጽር ሠሪዋ ዓይናቸውን ካየች በኋላ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ደወለች። ደብሊን ሲደርሱ በዓይናቸው ውስጥ ካንሰር መኖሩ ተነገራቸው። ሐኪሞቹ ጨረር የምትሰጥ ትንሽ ብረት ከዓይናቸው ጀርባ ሰፍተው፣ ከቀናት በኋላ አወጧት። ዓይናቸው ከመውጣት ተረፈ፤ ብርሃኑ ግን ቀስ በቀስ ጠፋ። በአንድ ዓይን አውቶቡስ ማሽከርከር አይፈቀድምና ቁልፉን አስረከቡ። የዚያን ቀን ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ብቻቸውን ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው በእንባ ታጥቦ ነበር።

ይህ በሽታ ከዓይን ከተነሣ ማረፊያው ጉበት እንደሆነ ገና ከመነሻው ተነግሯቸው ስለነበር፣ በየስድስት ወሩ ጉበታቸውን ይታዩ ነበር። ስምንት ዓመት በሰላም አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2022 መከር ላይ ምርመራው በጉበታቸው ውስጥ ዕጢዎች አሳየ።

ሐኪማቸው ዶክተር ኬለኸር እውነቱን አልሸሸጓቸውም። “አዲስ መድኃኒት አለ” አሏቸው። “የሰውነትሽን ወታደሮች እጃቸውን ይዞ ወደ ዕጢው የሚወስድ ነው። ግን ለሁሉም ሰው አይሠራም። ደምሽ መመርመር አለበት፤ የሚስማማው ከሁለት ሰው ለአንዱ ነው።”

“ከተስማማኝስ ያድነኛል?”

“እንዲያ ብዬ ቃል አልገባልሽም። ጊዜ ይሰጥሻል።”

ውጤቱን ስንጠብቅ የነበሩትን ቀናት እኔ አልረሳቸውም። ስልኩ የተደወለው እኔ ቤት ድንች እየላጡ ሳለ ነው። “እሺ” ብቻ ብለው ዘጉት። “ኮናል፣ ደሜ ይስማማል አሉ። በሕይወቴ ሳላጠና ያለፍኩት ፈተና ይሄ ብቻ ነው” አሉኝ። እኔ ስነፋረቅ “በል ድንቹን ላጥ” አሉ።

መድኃኒቱ በየሳምንቱ ሐሙስ ደብሊን ሆስፒታል ተኝተው በደም ሥር የሚወስዱት ነበር። ኢመር ከጎልዌይ አስተማሪነቷን ትታ በየሳምንቱ መምጣት አትችልም፤ እኔ ደግሞ የዳሌዬን መገጣጠሚያ በቀዶ ሕክምና ገና ማስቀየሬ ነው። ማን ይውሰዳቸው ስንል አቶ ፊሊም ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ወጥ ቤት በር ላይ ቆሙ።

“መኪናው ንጹሕ ነው” አሉ። “ውሻውን አውርጄዋለሁ።”

እህቴ ትክ ብለው አዩዋቸው። “ፊሊም፣ በአንተ አነዳድ እኮ የዚህን ሳምንት መድኃኒት የምደርስበት በሚቀጥለው ሳምንት ነው።”

“እንግዲያው አሁኑኑ ተነሺ።”

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያንቀጠቅጣቸው፣ ቆዳቸውም ያሳክካቸው ነበር። አቶ ፊሊም አልጋው አጠገብ ተቀምጠው “እንደ ቀይ ሥር ቀልተሻል” ይሏቸዋል። እሳቸውም ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ “አንተ ሳትታመም ነው እንዲህ የምትመስለው” ይላሉ። እየቆየ ትኩሳቱ ተዋቸው። ሽፋሽፍታቸው ግን ነጭ ሆነ። ነርሶቹ ቀለም ሲመክሯቸው “ሙሽራ መምሰሌ ነው” ብለው እምቢ አሉ።

መንገዱ ላይ ከሆስፒታሉ የበለጠ ድምፅ ነበር። እህቴ ለሹፌር የሚመች ተሳፋሪ አልነበሩም። “ማርሽ ቀይር”፣ “መስታወቱን እይ”፣ “ቅደመው፣ ምን ትጠብቃለህ?” እያሉ አገር ያቋርጣሉ። በ2023 የጸደይ ወራት አንድ ሐሙስ ሎንግፎርድ ከተማ አጠገብ ከትራክተር ኋላ ተይዘው ሲንፏቀቁ፣ አቶ ፊሊም መንገዱን እያዩ “አትራክታ፣ ብንጋባ ምን ይመስልሻል?” አሉ።

“መጀመሪያ ያንን ትራክተር ቅደም።”

አቶ ፊሊም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ትራክተር ቀደሙ። ይህን የነገሩኝ እህቴ ናቸው። አቶ ፊሊም እንደሆኑ የነገሩን የትራክተሩን ቀለም ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ጁን ላይ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። እሳቸው ሰባ አንድ፣ ሙሽራው ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ከሠርጉ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የወጣው ምርመራ ዕጢዎቹ እንዳላደጉ፣ አንደኛው እንዲያውም እንዳነሰ ተናግሮ ስለነበር፣ ማንም ሰው ከዳንሱ አልቀረም። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት የሐሙስ መድኃኒት ያለባቸው ተራ ወራት ሆኑ። አተር ተከሉ፤ በመጋረጃ ቀለም ተጣሉ፤ የልጅ ልጃቸውን ኬትሊንን በግጦሽ መስኩ ላይ መኪና መንዳት አስተማሩ።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ዕጢዎቹ ማደግ ጀመሩ። ሐኪሞቹ በታፋቸው የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው መድኃኒቱን በቀጥታ ለጉበታቸው ሰጡ፤ በዚያ ሕክምና ገናን አብረን ለማየት በቃን። በማርች የሌላ ዙር ሕክምና ነገር ሲነሣ ግን እህቴ ዶክተር ኬለኸርን እጃቸውን ይዘው “ጊዜ እሰጥሻለሁ አልሽኝ፤ ሰጠሽኝ። አሁን ቤቴ ልሂድበት” አሏቸው። ዶክተሯ አቀፏቸው።

በቤታቸው፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ የአካባቢው ነርስ ሕመማቸውን እያስታገሰችላቸው ቆዩ። እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2025፣ እሑድ ጠዋት፣ ግማሽ እንቁላል በልተው፣ “ጨው አንሶታል” ብለው፣ ጥቂት እንዳሸለቡ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ አትራክታ የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። እኔም አለሁ፤ መዘዙ። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ አቶ ፊሊምን “ሐዘንተኛ ባለቤታቸው ብዬ ልጻፍዎት?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ባል ብቻ በለኝ” አሉ። “ባልነቱን ገና አልጠገብኩትም።”

ባላቸው አቶ ፊሊም ስካንለን ናቸው።

የሰጠን ጌታ ስለሰጠን ይመስገን። ነፍሳቸውን በብርሃኑ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም የእሳቸውን ሳቅ አይንሣን። አሜን።